ዶሮ የታቀፈችው ደበርጃን

ተረት ተረት። «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላምም የለ፣ በረትም የለ። ያለው በረንዳ ነው፤ በረንዳውም የደብሪቱ ነው፣ ምድር ቤት።

ደብሪቱ አፉን በቆረጠችው ቢጫ ጀሪካን አፈርና ፍግ ሞልታ ደበርጃን ተከለች። ደበርጃኑ ገበያ እንደምናውቀው ጠይምና ረጅም አልሆነም፤ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ቁርጥ የዶሮ እንቁላል ሆኖ አፈራ። አላፊ አግዳሚው «ለጌጥ ያምራል» ይላል። የባሏ ታላቅ እህት እትዬ አልጋነሽ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ድሮም ሥራሽ የእንቧይ ካብ ነው፤ ዛሬ ደግሞ እንቧዩን ራሱን ተከልሽው!»

እንቧይ እንግዲህ ከብት እንኳ የማይቀምሰው የሜዳ መራራ ነው። ደብሪቱ አንጀቷ አረረ። «እሁድ ምሳ ነይና ወጡን ቅመሺ!» አለቻት። የፈለገችው አንድ ድስት ወጥ ብቻ ነው። ደበርጃኑ ከእሁድ አልፎ ቢጫ ከሆነ እውነትም ይመራል፤ ያኔ የአልጋነሽን ምላስ ማን ይችለዋል?

እሁድ ጠዋት ሽንኩርቷን ከትፋ፣ ከሰሏን አያይዛ፣ ቢላዋ ይዛ ወጣች። ምን ብታይ ጥሩ ነው? አንዲት ቀይ ዶሮ ጀሪካኑ ላይ ጉብ ብላ ደበርጃኑን በሙሉ ታቅፋለች።

«ተነሺ!»

«አልነሳም፤ ልጆቼን ልፈልፍል።»

«ደበርጃን ነው እኮ!»

«የወለድኩትን አንቺ ልትነግሪኝ?» አለች ዶሮ፤ እጇንም ነቆረቻት።

ደብሪቱ ድመት ጋ ሄደች። «ድመት፣ ዶሮዋን አባርሪልኝ። ዶሮዋ አልነሳም አለች፤ ወጤ ቀረ!»

«ባለፈው ዓይኔን ልታወጣው ነበር፤ አላባርርም» አለች ድመት መዳፏን እየላሰች።

ውሻ ጋ ሄደች። «ውሻ፣ ድመቷን ንከስልኝ። ድመት አላባርርም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፤ ወጤ ቀረ!»

«እኔ የማታ ጥበቃ ነኝ። በቀን አልነክስም» አለ ውሻ፤ አዛጋም።

ከበር ኋላ ወደ ቆመው ዱላ ሄደች። «ዱላ፣ ውሻውን ምታልኝ። ውሻ አልነክስም አለ፣ ድመት አላባርርም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፤ ወጤ ቀረ!»

«ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን ምርኩዝ ነኝ። አልመታም» አለ ዱላ።

እሳት ጋ ሄደች። «እሳት፣ ዱላውን አቃጥልልኝ። ዱላ አልመታም አለ፣ ውሻ አልነክስም አለ፣ ድመት አላባርርም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፤ ወጤ ቀረ!»

«የተያያዝኩት ለወጥ ነው። ድስት አምጪ፤ ዱላ አላቃጥልም» አለ እሳት። እሱስ እውነቱን ነው።

ውሃ ጋ ሄደች። «ውሃ፣ እሳቱን አጥፋልኝ። እሳት አላቃጥልም አለ፣ ዱላ አልመታም አለ፣ ውሻ አልነክስም አለ፣ ድመት አላባርርም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፤ ወጤ ቀረ!»

«ፈረቃዬ ነገ ነው፤ አልመጣም» አለ ውሃ ከቧንቧው ውስጥ፣ እያንኮራፋ።

የውሃው ቁልፍ ያለው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ መርሻ ጋ ነው። ሄደች። «ጋሽ መርሻ፣ ውሃውን ይክፈቱልኝ። ውሃ አልመጣም አለ፣ እሳት አላቃጥልም አለ፣ ዱላ አልመታም አለ፣ ውሻ አልነክስም አለ፣ ድመት አላባርርም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፤ ወጤ ቀረ!»

«ስብሰባ ሳይጠራ? ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ? አልከፍትም!» አሉ ጋሽ መርሻ በቢጃማቸው።

የቀረችው ሚስታቸው በለጡ ናት። ጎመን ስትቀነጥስ አገኘቻት። «በለጡዬ፣ ባልሽን ተቆጪልኝ። ባልሽ አልከፍትም አሉ፣ ውሃ አልመጣም አለ፣ እሳት አላቃጥልም አለ፣ ዱላ አልመታም አለ፣ ውሻ አልነክስም አለ፣ ድመት አላባርርም አለች፣ ዶሮ አልነሳም አለች፤ ወጤ ቀረ!»

«ቆይ፣ ዶሮዋ ቀይ ናት?»

«ቀይ።»

«አንገቷ መላጣ?»

«መላጣ።»

«የኔ ናት! ከትናንት ጀምሮ ስፈልጋት! የታቀፈችውም እንቁላል የኔ ነው!»

ደብሪቱ አፏ ድረስ የመጣውን «ደበርጃን» የሚል ቃል ዋጠችው። «እንቁላል ከሆነማ አንዷንም ሳታስቀሪ ውሰጂ» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ዶሮዋን ያነሳ ነበር። በለጡ ግን ምንም ነገር ቢመጣ መጀመሪያ የምትቆጣው ባሏን ነው። «አንተ መርሻ! ዶሮ መጠበቅ ያቃተህ ሰፈር ትጠብቃለህ?» ስትል ጋሽ መርሻ ያለ ምልዓተ ጉባኤ ውሃውን ሊከፍቱ ሮጡ፣ ውሃው እሳቱን ሊያጠፋ ሮጠ፣ እሳቱ ዱላውን ሊያቃጥል ተነሳ፣ ዱላው ውሻውን ሊመታ ተነሳ፣ ውሻው ድመቷን ሊነክስ ዘለለ፣ ድመቷ ዶሮዋን ልታባርር ዘለለች፣ ዶሮዋም እየጮኸች ተነሳች!

በለጡ ሰፌዷን ይዛ ደረሰች። አንዱን አንስታ የጀሪካኑ ጠርዝ ላይ መታችው፤ አልተሰበረም። ደግማ መታችው፤ አልተሰበረም። ደብሪቱ ቢላዋዋን አቀበለቻት። ሲሰነጠቅ አስኳል የለ፣ ውስጡ ፍሬ ብቻ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ደበርጃን ነዋ።»

በለጡ ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ ባሏን ልትቆጣ ተመለሰች።

ደብሪቱ ደበርጃኑን ላጠች፣ ከተፈች፣ ምሬቱ እንዲወጣ ጨው ነስንሳ አቆየች፣ አጥባ ጨመቀች። ከዚያ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር፣ እርድ ጣል አድርጋ አቁላላችው። ሽታው ደረጃውን ወጣ።

እትዬ አልጋነሽ ለመሳቅ ተዘጋጅታ መጣች። አንድ ጎረሰች፤ ሳቋን ረሳችው። ሁለተኛ ጎረሰች፤ ሦስተኛ ጠቀለለች። ሳህኗን ጠርጋ፣ ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ፣ ሳህኑን ዘረጋች።

ደብሪቱ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ አልሞከረችምም። ድስቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ይቅርብሽ እትዬ፤ ሆድሽን ያምሻል» አለችና የቀረውን ብቻዋን ጠረገችው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ከወጡስ የሚደርሰን የለም።