ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት የሚጎረሰው ጎደሬ

በጉዲና ሰፈር አረንጓዴ የሻይ ቅጠል አፍልታ ለእንግዳ የምታቀርብ ሴት አስቀድማ የተቀቀለ ጎደሬ ታስይዘዋለች፤ ጎርሶ እስኪውጥም ስኒውን አትሞላለትም። ከከተማ የመጣ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ቢል የሚሰማው የለም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ይህን ልማድ ያመጣው ፍርሃት ነው። የሻይ ተክል ወደ አካባቢው በገባበት ዘመን ዳዲቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በጓሮዋ ጥቂት የሻይ እግሮች ነበሯት ይባላል። እርጥቡን ቅጠል አፍልታ ስትጠጣ ራስ ምታቷ ቀለል፣ ዓይኗም ነቃ ይልላት ስለነበር ጎረቤቶቿ መድኃኒት አገኘች አሉ። መድኃኒት ደግሞ ያን ጊዜ የሚታወቀው እንደ ኮሶ ነበር፤ ወፍራም ሆኖ፣ ማልዶ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ።

አንድ ቀን ኦብሴ የምትባል የጎረቤት ልጅ ራሷን አሟት መጣች። ዳዲቱም ከዚያች ማታ ጀምራ እህል እንዳትቀምስ አዘዘቻትና ሲነጋ ቅጠሉን እስኪጠቁር አፍልታ ሦስት ዋንጫ አጠጣቻት። ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ እጅ ተንቀጠቀጠ፣ ልቧ እንደሚጋልብ ፈረስ መታ፣ አስመለሳትና ወደቀች። ወንድሟ ጉደታ ጩኸቱን ሰምቶ ከማሳው ጦሩን ይዞ ደረሰ።

«አዴ ዳዲቱ፣ ምን አጠጣሻት?»

«ቅጠል ነው ልጄ፣ እኔም የምጠጣው ቅጠል።»

«እንግዲያው ጠጪው!»

ዳዲቱ ከተረፈው ቀድታ ጨለጠች። ጩኸቱን ሰምቶ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ጠበቀ፤ እሷ ግን ምንም አልሆነችም። ይሄኔ ፍርሃቱ ባሰ። «መርዙ እሷን ካልነካት ቡዳ ናት» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ፣ ጉደታም ጦሩን ወደ ደረቷ አስጠጋ።

«ቡዳ አይደለሁም፤ ካላመንከኝ ቅመሰው» አለች እያለቀሰች።

ጉደታ በሰው ፊት ፈራ እንዳይባል ዋንጫውን ግጥም አድርጎ ጠጣ። እህል ሳይቀምስ ማልዶ ማሳ የወረደ ነበርና ጥቂት ቆይቶ ላብ አጠመቀው፣ ጦሩም በእጁ ላይ ይርገበገብ ጀመር።

«ጉደታ፣ የፈራው ጦርህ ነው ወይስ አንተ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ዳዲቱ ግን ያን የሚንቀጠቀጥ እጅ ስታይ ደነገጠች። «ዛሬ ምን በልተሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«እኔ በጠዋት ጎደሬ በልቻለሁ!» ብላ ጮኸችና ወደ ቤት ሮጣ የተረፈውን ጎደሬ አመጣች፤ ጦሩ ከፊቷ ሳይነሣ በእጇ አጎረሰችው። ቆይቶ እጁ ረጋ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ኦብሴን ደግፈው ማር በውኃ በጥብጠው እያጠጡ፣ ጎደሬ እያላመጡ ሲያጎርሷት ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ «ራስ ምታቱስ ለቆኛል» አለች ይባላል።

የጉዲና ሰዎች ቅጠሉን አልተዉትም፤ ድካም ያነሣል፣ ራስ ያቀላል እያሉ ይጠጡታል። ሆኖም ሴቶቹ ሲቀዱ ዓይናቸው ከጠጪው እጅ አይነቀልም። ስኒው ትንሽ እንኳ ከተንቀጠቀጠ፣ ጠጪው ሽማግሌም ይሁን ሹም፣ ሳይጠይቁ ይነጥቁታል፤ በዚህ የተቆጣ ሰው አለ ሲባል ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም።