የጎምዛዛው ደምስ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ጌም ቤት ነበረ። ከዚህ በኋላ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ ዕድሜዬ እዚሁ ይቆረጥ። በሕይወቴ ነው የምምለው፤ በዚህ እርጅና ሌላ የምምልበት ንብረት አልቀረኝም።

ቤቱ የጋሽ ይመር ነበር። መስኮት የለውም፤ በሩ ገርበብ ካለ በጠራራ ፀሐይ የገዛ ጣትህ አይታይህም። ኮምፒውተሮቹ ከማርጀታቸው የተነሳ ሲከፈቱ የሚያሰሙት ጩኸት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ፊሽካ ያስንቅ ነበርና፣ ጋሽ ይመር ቤታቸውን በከፈቱ ቁጥር የፋብሪካው ሠራተኛ ያረፈደ መስሎት ሱሪውን እየታጠቀ ይሮጣል። ቤቱ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ መብራት ሲጠፋ ከወንበሩ ያልተነሳ፣ መብራት ሲመጣ ወንበሩ የእሱ ነው፤ የተነሳ ግን ተራውን ለቋል። አንዱ ጎረምሳ ሚስቱ ምጥ ይዟት መልእክተኛ ቢመጣበት፣ በጨለማው እንደተቀመጠ ለልጁ ስም አውጥቶ ልኳል። ያ ልጅ ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ጋሽ ይመር ሲሞቱ የተዉት አንድ ጉልበተኛ አዲስ ኮምፒውተር፣ የቤቱን ቁልፍ፣ ደግሞም ዓይንና ናጫ የሆኑ ሦስት ልጆች ነው። ቁልፉን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም በክር አድርገው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ልጆቹን የሚያስር ክር ግን አልተገኘም።

ታላቁ ኑሩ ከትናንት በፊት የተሠራ ጌም ሁሉ ቆሻሻ ነው ባይ ነው። መካከለኛዋ ጦይባ አባቷ ከሸበቱ በኋላ የወጣ ጌም ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው ባይ ናት። ታናሹ ሸምሱ ደግሞ ሆዱን በካቻቢቴ ከፍቶ ያላየውን ነገር አለ ብሎ አያምንም። ኑሩ ጦይባን የሙዚየም ዘበኛ ይላታል፤ ጦይባ ኑሩን የማስታወቂያ ሰሌዳ ትለዋለች፤ ሁለቱም ሸምሱን ሌባ ይሉታል፤ ሸምሱ ስም ማውጣት አይወድም፣ የሁለቱንም ገመድ ነቅሎ ይሄዳል። በዒድ እንኳ የሚጨባበጡት በእናታቸው በኩል ነበር፤ አንዱ እጃቸውን ይስማል፣ እሳቸው ያንኑ እጅ ለሌላው ይዘረጋሉ።

ወይዘሮ ዘምዘምን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነው። ቁልፉ ለማንም ካልተሰጠ ቤቱ መዘጋቱ ነው። ለአንዱ ከተሰጠ ደግሞ የቀሩት ሁለቱ ዳግመኛ ያንንም ደጅ የእናታቸውንም ቤት ላይረግጡ ምለዋል፤ የእነሱ መሐላ እንደኔ መሐላ አይደለም፣ የምር ነው። «ይመርን አንዴ ቀበርኩ፤ አሁን ደግሞ ሁለቱን በቁማቸው ልቀብር ነው» ይሉ ነበር ለራሳቸው፣ ቁልፉን እየዳበሱ።

ቤቱም ቢሆን እየሞተ ነበር። የገደለው ደምስ ነው፤ አገር ጎምዛዛው የሚለው ደምስ። ይህ ሰው ያልተጫወተው ጌም የለም። አንዳንዱንማ የሠሩት ሰዎች ሠርተው ሳይጨርሱ እሱ ጨርሶታል። አንዱም ግን ጥሞት አያውቅም። አዲሶቹ ፊት እንጂ ሆድ የላቸውም ይላል፤ የድሮዎቹ ሆድ እንጂ ፊት የላቸውም ይላል። ሲሳደብ ስክሪን ይቀላል። ታዲያ እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ኋላ የኮምቦልቻ ጎረምሳ ሁሉ ይኮለኮላል፤ የደምስን ምሬት መስማት ራሱ ከጌም ይጥማል። ከጋሽ ይመር ቀብር በኋላ አንድ ቀን መጣ፣ ተቀመጠ፣ የሱፍ ቆሎውን ገለባ ወለሉ ላይ ተፋና «ይሄ ቤት ከጋሽ ይመር ጋር ተቀብሯል» ብሎ ወጣ። ጎረምሳውም ተከትሎት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወንበሮቹ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ብቻ ሆነ።

ወይዘሮ ዘምዘም አሰቡ፣ አሰቡና ሦስቱንም ጠርተው፣ ልጆቹ አንዱ ከሌላው ፊቱን አዙሮ እንደቆመ፣ እንዲህ አሏቸው፦ «ደምስን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠና ያሰነበተ፣ ቁልፉ የእሱ ነው። የቀራችሁት አፋችሁን ዝጉ።» ሦስቱም እሺ አሉ። በዕድሜያቸው የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ስለነበሩ።

ደምስ ሲጠራ አልቀረም። የእትዬ ዘምዘምን ጥሪ እምቢ እንደማይል፣ አፉን ግን በር ላይ ጥሎ እንደማይገባ አስቀድሞ ላከባቸው።

መጀመሪያ ኑሩ ተነሳ። ነፍሱ የሆነችውን ሞተር ብስክሌት የጌም ሥዕል በሚያጠራ ቪዲዮ ካርድ ለውጦ ከአዲስ አበባ ተመለሰ፤ ካርዱ ከትልቅነቱ የተነሳ አውቶብስ ላይ ለብቻው ወንበር ይዞ ነው የመጣው። አዲሱን ጌም ከኢንተርኔት ሲያወርድ የከተማው ኔትወርክ ሁሉ አነከሰ፤ ሐይቅ ከተማ ድረስ ስልክ የደወለ ሰው ድምፁ የሚሰማው በማግስቱ ነበር። ጌሙ ተከፈተ። ፈረሰኛው ሲጋልብ የፈረሱ ጋማ አንድ በአንድ ይነቃነቃል፤ ዝናብ ሲዘንብ ልብሱ ይርሳል። ከደምስ ኋላ የቆሙት ኮታቸውን ቆለፉ፤ አንዱ ጉንፋን ይዞት ወጣ። በሩቁ፣ ከጉሙ በላይ፣ ሰማያዊ ተራራ ታየ። ደምስ አፉ ውስጥ ያለውን ሱፍ ማኘክ ረሳ።

«ያ ተራራ ይደረስበታል?» አለ።

«ያየኸው ሁሉ ይደረስበታል» አለ ኑሩ።

ሊጋልብ ሲል ጌሙ አስቆመው። ጠብቅ፣ ራሴን ላድስ አለው። ጠበቀ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ብቅ ብሎ በየትኛው ቁልፍ እንደሚራመድ ያስተምረው ጀመር። ከዚያ ኮፍያ ግዛ አለው። ደምስ ወንበሩን ገፋ። «እኔ ከቦርከና ወንዝ ማዶ በእግሬ ነው የመጣሁት» አለ፤ «መራመድ የሚያስተምረኝ ይሄ ማን ነው?» ብሎ ሄደ። ጦይባ ከጥግ ሆና «ላም አለኝ በሰማይ» ስትል ኑሩ የያዘውን ኪቦርድ ወረወረባት። ሳታት፤ ኪቦርዱ ግን ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ዓመት ከረመ።

ቀጥላ ጦይባ ተነሳች። አባቷ በሞቱ ሰሞን ወንድሞቿ የድሮ ሲዲዎቹን ከነካርቶኑ ለቆሻሻ ሲሰጡ፣ እሷ ነበረች ጋሪውን ሮጣ ያስቆመችው። ከዚያ ካርቶን አንዱን አወጣች፤ የድመት ጠብ የተካሄደበት ይመስላል። በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችውና ከተተችው። ደምስ ዳግመኛ ተጠርቶ መጥቶ ቁጭ ሳይል ተከፈተ። ወታደሮቹ የገብስ ፍሬ ያክላሉ፤ ቤተ መንግሥቱ የክብሪት ቀፎ ያክላል። ኢንተርኔት የለ፣ አስተማሪ የለ፣ ኮፍያ የለ። ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፤ ስትሞት አይዞህ እንኳ አይልህም። በጉልበተኛው ኮምፒውተር ላይ ወታደሮቹ እንደ ተቆጣ ተርብ ቢበሩ ኑሩ ሳቀባት። እሷ ግን ፍጥነቱን ገታችና ከደምስ ጎን ተቀመጠች፤ አንድ ኪቦርድ ለሁለት። ደምስ ገና ሳይደላደል ሞተ።

«ድገሚው» አለ።

ደገመችው። በክርኑ ጎሸማት፣ በክርኗ ጎሸመችው። ጎረምሳው እርስ በእርሱ እየተራገጠ ለተራ ተሻማ፤ ወንበሮቹ ሞሉ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ወንበር ተጣልተው እስከ ዛሬ በሽማግሌ አልታረቁም። በመጨረሻ ደምስ ቤተ መንግሥቱን ያዘ። ከግንቡ ኋላ ያለውን ሊያይ ቢሞክር ጥቁር ሆነበት።

«ከዚህ ወዲያስ?»

«ከዚህ ወዲያ የለም። አለቀ።»

«አባትሽም የሚያቆሙኝ እዚሁ ነበር» አለና ተነሳ። ኑሩ፣ ሙዚየሙ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጮክ ብሎ ጠየቃት። የመለሰችለትን እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል።

በመጨረሻ ሸምሱ ተነሳ። ማንንም አላስፈቀደም። የወንድሙ ካርድ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ፣ የእህቱን ሲዲ ከነሻሽዋ አነሳ፣ የድሮውን ጌም ሆድ ዕቃ ዘርግፎ አወጣ። መጨረሻ ላይ ያለውን ጥቁር ግድግዳ ናደው። ከግንቡ ወዲያ ያንን የኑሩን ሰማያዊ ተራራ በገብስ ፍሬ፣ በገብስ ፍሬ ደርድሮ አቆመው። ከፊቱ ቦርከናን አፈሰሰ። ደምስ ሲሳደብ በስልኩ ቀድቶት ነበርና፣ ያንን ስድብ ለጠላት አለቃ አፍ ሰጠው። ጎን ላይ አንዲት ትንሽ በር ከፈተ፤ ያልጣመህን በዚህ ገብተህ ለውጥ የምትል።

ደምስ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቶ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሞተ። የጠላት አለቃ በደምስ በራሱ ድምፅ «ፊት እንጂ ሆድ የለህም» አለው። ጎምዛዛው ዝም አለ። ዝም ያለበትን ቀን የኮምቦልቻ ሰው እስከ ዛሬ ቀን ይቆጥርበታል። ከዚያ ወንዙን አየና ማን እንዳጠበበው ጠየቀ፤ መልስ ሳይጠብቅ በትንሿ በር ገብቶ ራሱ አሰፋው። ድልድይ ሠራ፣ አፈረሰው፣ እንደገና ሠራ። በሩቁ ተራራው አለ። ቀትር አለፈ፤ ጥላ ረዘመ፤ ደምስ አልተነሳም።

«በሰው ወርቅ አይደምቁ!» አለች ጦይባ። ኑሩ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብሎ የሸምሱን ሸሚዝ አንገት ያዘ። የጦይባ ጫማ በአየር ላይ ነበር። ወይዘሮ ዘምዘም እጃቸውን ወደ አንገታቸው፣ ወደ ቁልፉ ሰደዱ።

ይሄኔ መብራት ጠፋ።

ጨለማው ድፍን አለ። ሁሉም የወንበሩን ሲጥሲጥታ ጠበቀ። ወንበሩ ዝም አለ።

«ደምስ፣ አለህ?» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም።

«አለሁ እትዬ።»

«መብራት እኮ ጠፍቷል።»

«አይታየኝም መሰለዎት?»

«ታዲያ ምን ይዞህ ነው የማትነሳው?»

«ብነሳ እነዚህ ከኋላዬ የቆሙ ጅቦች ይቀመጡበታላ። የባለቤትዎ ሕግ ነው።»

ከኋላ የቆሙት አልካዱም። አንዱ እንዲያውም የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ እንደያዘ ተናገረ።

በጨለማው ክርክሩ ፈነዳ። ሸምሱ፣ ያስቀመጠው የእኔ ሥራ ነው፣ ሁለታችሁ ተራ በተራ ሞክራችሁ ተነስቶባችኋል አለ። ጦይባ፣ ያስቀመጡት ጅቦቹ ናቸው፣ ጅቦቹን የጠራው ደግሞ የእኔ ጌም ነው፣ ከቆሻሻ ጋሪ ላይ ባላወርደው የምትሰርቀው እንኳ አታገኝም ነበር አለችው። ኑሩ፣ ሞተሬን የሰጠሁለት ተራራ ባይታየው ኖሮ ጥቁሩ ግድግዳ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ይሄድ ነበር አለ። ወይዘሮ ዘምዘም ሲሰሟቸው የሦስቱም ነገር እውነት ሆነባቸው። እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያስጨነቃቸው፤ አንዱ ቢዋሽ ይቀልላቸው ነበር።

«ደምስ፣ አንተው ፍረድ» አሉ። «ያስቀመጠህ ማን ነው?»

ደምስ የቀረውን ሱፍ ሲቆረጥም ተሰማ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ እንደ ሁሌው ኮምጣጣ።

«ያ ተራራ ላይ ሳልወጣ ዓይኔ አይከደንም። ያ ሦስቴ የገደለኝ ጨዋታ ባይኖር ግን ተራራው የግድግዳ ሥዕል ነበር። ያ ባለጌ አለቃ በገዛ አፌ ባይሰድበኝ፣ ወንዙንም በእጄ ባላሰፋው፣ ድሮ ቤቴ ገብቻለሁ። ከሦስቱ አንዱን ንቀሉልኝና እንዴት እንደምነሳ ላሳይዎት። ፍርድ ግን የእኔ ሥራ አይደለም እትዬ። የእኔ ሥራ ማማረር ነው።»

ወይዘሮ ዘምዘም ክሩን በአንገታቸው አወጡት። ቁልፉ ሲነካ ድምፁን ሁሉም ሰማ፤ ስድቡም ቆመ። በሦስት አቅጣጫ እጅ ሲዘረጋ የልብስ ኮሽታ ተሰማ። እናትየው አንድ እርምጃ ሄዱ።

መብራቱም መጣ። ሦስቱ እጆች ታዩ፤ የሞተር መሪ ያደነደነው የኑሩ መዳፍ፣ ክርኗ በመጎሻሸም የተላጠው የጦይባ ክንድ፣ በካቻቢቴ የተቧጨረው የሸምሱ ጣት። ደምስ ዘወር ብሎ እንኳ አላያቸውም፤ ወደ ተራራው እየሄደ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቁልፉን ይቀበላል፤ ሁለቱ እናታቸውን ዳግመኛ አያዩም።

መቼም ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ልናዘዝ፤ ዕድሜዬንም ለዚህች ብላችሁ አትቁረጡብኝ። መብራቱ መጣ ያልኩት እኔ ፈጥሬ ነው። አልመጣም። ደምስ አሁንም እዚያ ወንበር ላይ ነው፣ ጅቦቹ ከኋላው ናቸው፣ ሦስቱ እጆች በጨለማ ተዘርግተዋል፣ ወይዘሮ ዘምዘምም ቁልፉን ይዘው የትኛው እጅ የማን እንደሆነ በዳበሳ እየለዩ ነው። እንግዲህ መብራቱ ሳይመጣ ፍረዱላቸው፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?