ከአበዳሪው ጋር የተቋጠረው መሪጌታ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ። ዝም ያለ ሰው ካለ ዕዳ ያለበት ነው፤ አበዳሪው ድምፁን እንዳይሰማው ፈርቶ ነው።

ድሮ ድሮ፣ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ ልሳኑ የሚባል ተማሪ ነበረ። ቅኔ ሊማር ሩቅ አገር ሊሄድ ተነሳ። መቼም የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ነው የሚማረው። ልሳኑ ግን ጨዋ ልጅ ነበርና መለመን አፈረ። መበደር ግን አላፈረም። ጎረቤቱ አያ ጥጋቡ ዘንድ ሄደ። አያ ጥጋቡ ደግ ሰው ነበር፤ «አበድሩኝ» የሚል ድምፅ ከሰማ እንቅልፉን ትቶ ይነሳል።

«አያ ጥጋቡ፣ ለስንቅ አሥር አሞሌ ያበድሩኝ።»

«ውሰድ ልጄ፤ ለትምህርት ምን ይሰሰታል!»

ልሳኑ ተማረ፤ ተመረቀ፤ ጠምጥሞ ተመለሰ። «መሪጌታ ሆኖ ያለ ድግስ እንዴት ይሆናል?» አሉ ዘመዶቹ። ዘመድ የሚበላውን እንጂ የሚከፈለውን አያሰላም።

«አያ ጥጋቡ፣ ለድግስ አሥር አሞሌ ያበድሩኝ።»

«ውሰድ መሪጌታ፤ ለክብር ምን ይሰሰታል!»

ድግሱ በአንድ ቀን አለቀ። ልሳኑ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልቁ ደብር ሄደ። «ቦታ ሲለቀቅ እናስጠራዎታለን» አሉት። በሩ ላይ እንደሱው የጠመጠሙ አርባ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው እየጠበቀ ሸብቷል። ልሳኑ ይህን ሁሉ አይቶ ምን ብሎ አሰበ መሰላችሁ? «የናቁኝ በእግሬ ስለመጣሁ ነው። በቅሎ ያስፈልገኛል።» ሰባት ዓመት መማር እንዲህ ያራቅቃል።

«አያ ጥጋቡ፣ ለበቅሎ አሥር አሞሌ ያበድሩኝ።»

«ውሰድ ጌታው፤ ለወግ ምን ይሰሰታል! ብቻ መያዣ አምጣ።»

መያዣው የእናቱ የስንዱ በሬ ሆነ። ያላት እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀች በሱ ነበር የምታሳርሰው። እስከ ገና ካልተከፈለ በሬው የአያ ጥጋቡ ሊሆን ተስማሙ።

የሌላው ሰው አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል። የአያ ጥጋቡ አሞሌ ግን ዝናብ ሲመታው ይፋፋል። በዓመቱ ሠላሳው አሞሌ አርባ አምስት ሆነ።

በኅዳር አያ ጥጋቡ መጣ። «ገንዘቤን!»

«ቦታ ሲለቀቅ እከፍላለሁ» አለ ልሳኑ።

«እንግዲያው ገናን ምን አስጠበቀኝ? በሬውን ዛሬውኑ ስጡኝ።»

ስንዱ ልጇን ከጥምጥሙ እስከ ጫማው አየችው። «ልጄ፣ በሬዬን ከወሰደው ምኔን ልጠምድ ነው? አንተን?»

ያን ቀን ልሳኑ አፈረ። መለመን ያሳፍራል ብሎ የሸሸው ኀፍረት ሁሉ ተጠራቅሞ ደረሰበት። «በሬውን አትስጪ» አላት።

አያ ጥጋቡ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄዶ ከሰሰ። «ከኔ ጋር በቁራኛ ይታሰርልኝ!» በልቡ ግን «መሪጌታ ታስሮ ገበያ ለገበያ ሲዞር እናቱ አፍራ በሬውን ትሰጠኛለች» ይላል።

«ደንቡን ታውቃለህ?» አለ ጭቃ ሹሙ። «ነጠላህ ከነጠላው ይቋጠራል። አሳሪ ታሳሪውን ያበላል። ባለዕዳው ለመክፈያው ወደሚሠራበት ሲሄድ አትከለክለውም። ዕዳው ሳይከፈል ቋጠሮውን የፈታህ እንደሆነ ገንዘብህ ቀረ።»

«አውቃለሁ! እሰሩልኝ!»

አሰሩለት።

በመጀመሪያው ቀን ልሳኑ በቅሎውን ይዞ ገበያ ወጣ። አያ ጥጋቡ በራሱ በቅሎ ሊቀመጥ ቢል ቋጠሮው አጠረበት፤ ተራራውን በእግሩ ወጣ። ልሳኑ በአሥር የገዛውን በቅሎ በስምንት ሸጦ ስምንቱንም እዚያው አስረከበው። አያ ጥጋቡ ደስ አለው፤ እግሩ ግን አብጦ አደረ።

በሁለተኛው ቀን ልሳኑ ጥምጥሙን ፈትቶ አንዲት ባልቴት ማሳ ላይ ለአጨዳ ተቀጠረ። እሱ ጎንበስ ሲል አያ ጥጋቡም ጎንበስ፤ እሱ ቀና ሲል አያ ጥጋቡም ቀና። አጫጆቹ በሳቅ ሞቱ። «መሪጌታ፣ ቅኔ ለአጨዳ ይሆናል እንዴ?»

«አይሆንም፤ አይከለክልም ግን» አለ ልሳኑ። ማታ ግማሽ አሞሌ ተከፈለው፤ ለአያ ጥጋቡ ሰጠው።

በሦስተኛው ቀን ልሳኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጦ ዳዊት መገልበጥ ጀመረ። ብራና ሥራ ቀስ ብሎ ነው። እሱ ፊደል ሲጥል አያ ጥጋቡ ሰማይ ሰማይ ያያል። ያላጨደው ጤፍ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ደመናው ደግሞ ከምሥራቅ እየተንከባለለ ነው።

«ልሳኑ፣ ወንድሜ፣ ማሳዬን ደርሰን እንምጣ።»

«ምነው አያ ጥጋቡ፣ ዕዳ እያለብኝ ሽርሽር ልሂድ?»

«ጤፌ ሊበሰብስ ነው!»

«ይፍቱኛ።»

«ገንዘቤስ?»

ልሳኑ ብዕሩን አስቀመጠ። «የተበደርኩትን አልክድም፤ ሠላሳው ሠላሳ ነው። ወለዱ ግን ይቅር። የእናቴ በሬ ከመያዣነት ይውጣ። ሃያ አንድ ተኩል ቀርቶብኛል፤ ግማሿን አሞሌ ዛሬ ማታ፣ የቀረውን ሃያ አንድ በየገበያው አንድ አንድ አሞሌ እከፍላለሁ። ጭቃ ሹሙ ይመስክሩና ይፍቱኝ።»

ደመናው ጉርምርም አለ።

«እሺ! እሺ! ጭቃ ሹሙን ጥሩልኝ!»

ጭቃ ሹሙ መጣ፤ መሰከረ፤ ቋጠሮው ተፈታ። አያ ጥጋቡ በዚያ ዕድሜው እንደ ጥጃ ዘለለ። ነገር ግን ዝናቡ ቀደመው፤ የጤፉ እኩሌታ ጭቃ ሆነ። አሥራ አምስት አሞሌ ወለድ ሲያሳድድ ከዚያ የበለጠ እህል ፈሰሰበት። አዘንኩለት ብላችሁ ውሸቴን ነው።

ልሳኑስ? ቀን ያጭዳል፣ ይገለብጣል፤ በገበያ ቀን አንድ አሞሌ ያስረክባል። ሰርግ ሲጠሩት ያመኛል ይላል፤ «ቦታ ተለቀቀ» የሚል ወሬ ሲሰማ ሰምቶ ያልፋል። በሃያ አንደኛው ገበያ የመጨረሻዋን አሞሌ ከፈለ።

ዘመዶቹ ወዲያው ደረሱ። «እንኳን ደስ አለህ! ከዕዳ መውጣትማ ይደገስለታል!»

«ይደገስለታል እንጂ፤ ግቡ» አለ ልሳኑ። አንድ ሰፌድ ቆሎና አንድ ቅል ውኃ አቀረበ። ዘመዶቹ ቆሎውን እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ደፍተው ቆረጠሙ። ስንዱ ግን እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም።

ለዚህ ነው አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉት። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦው በዱቤ የመጣ ከሆነ ግን አፌ እንዲሁ ይደር።