የእመት አህያ የጠዋት ቁም ነገር

አንድ ጊዜ፣ በአንድ የቆላ ወንዝ ዳር፣ ጠዋት ጠዋት አንዲት አዲስ ነገር ሳይሰሙ ውሃ የማይጠጡ እንስሳት ነበሩ። የሚሰበሰቡት ከትልቁ ሾላ ሥር ነው። በሾላው ጥላ ሥር ማንም ማንንም እንዳይነካ አንበሳ ደንብ አውጥቷል። ነጋሪዋ አህያ ነበረች፤ ባለቤቷ ከሰዓት በኋላ ውሃ በጀሪካን እየጫነ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚነዳት፣ ጭነቱ እስኪራገፍ መስኮት ሥር ቆማ አስተማሪው የሚሉትን ሁሉ ትሰማለች። ጠዋት ትመጣና «ጳጉሜን የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ ጭማሪ ማለት ነው» ትላለች። በማግስቱ ደግሞ «የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈሉ ነው የተሠሩት» ትላለች። በጊቷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጦጣ ታጨበጭባለች፤ ለአህያም ቀድማ የመጠጣት ክብር ይሰጣታል። ዕድሜ ልኳን ስትጫንና ስትመታ ለኖረች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ሳምንት አስተማሪው ወባ ይዟቸው ተኙ። ክፍሉም ተዘጋ። አህያ መስኮቱ ሥር ቆማ ጆሮዋን ብታቀና የዝንብ ድምፅ ብቻ ሰማች። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሾላው ስትሄድ እግሯ ከበዳት። ምን ልትላቸው ነው? የለኝም ካለች ነገ ማን ያስቀድማታል?

ቀበሮ መንገድ ላይ አገኛት። ፊቷን አይቶ ነገሩ ወዲያው ገባው።

«እመት አህያ፣ ዛሬ ባዶሽን የመጣሽ ትመስያለሽ።»

«ማን አለ?»

«ጆሮሽ ነዋ፣ ወድቋል። አይዞሽ፣ እኔ አንድ ላቀብልሽ። የጅብ እግር የወንዝ ውሃ ከነካው ሰባት ቀን ሽባ ይሆናል። ለዚህ ነው ጅብ ወንዝ የማይሻገረው።»

«እውነት ነው?»

«ታዲያ ሲሻገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየችም። እርግጥ ያላየችው ነገር ብዙ ነበር፤ ይህን ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበራትም፤ አንበሳው ከሾላው ሥር ጉሮሮውን እየጠረገ ነው። መሐል ቆመችና በአስተማሪው አነጋገር ረጋ ብላ ተናገረችው።

ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ። ጅብ የፊት እግሩን አንስቶ፣ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እኔ ራሴ ይህን አላውቅም ነበር» አለ ደንግጦ። «ይህን ሁሉ ዓመት እግዜር ነው የጠበቀኝ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ድንጋይ ላይ ወጥቶ አንገቱን እያስረዘመ መጠጣት ያዘ። ነገሩ እንስሳቱን ስላስደነቀ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋትም አህያን ያንኑ አስደገሟት።

በጊቷና ፍየሏ ግን ሌላ ነገር አሰቡ። «እንግዲያማ የማዶው ሣር ለልጆቻችን ነው» ተባባሉ። «ጅብ ካልተሻገረ ጠባቂ ምን ያደርጋል?» በጋ ስለሆነ ወንዙ ከጉልበት አያልፍም፤ ረቡዕ ግልገሎቹን ሁሉ አሻገሩ።

«ያንቺስ ውርንጭላ?» አለቻት በጊቷ።

አህያ ጉንፋን ይዞታል ልትል ነበር። ነጋሪዋ ራሷ ልጇን ካስቀረች ግን ምን ይባላል? ላከችው። ቀኑን ሙሉ ሣሩ አልዋጥ አላት፤ ዐይኗም ከማዶ አልነቀል አለ።

ሐሙስ ቀበሮን ውሃው ዳር አገኘችው። ሆዱ ድረስ ርሷል።

«አያ ቀበሮ፣ ያን ነገር ከማን ነበር የሰማኸው?»

«ከአንቺ ነዋ» አላት። «ማክሰኞ በሁሉ ፊት ተናገርሽው እኮ።»

ይህን ብሎ ዳግም ወደ ማዶ ተሻገረ። አህያ ያን ጊዜ ገባት። ቀበሮ የፈለገው ጅብን ማስቀረት ሳይሆን ጠባቂ ማስቀረት ነበር።

ጅብ ከወንዙ ወዲህ ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል። ቀበሮ ውርንጭላ አይችልም፤ የሚችለው ግልገል ነው። ዝም ብትል የእሷ ልጅ ይተርፋል። ብትናገር ግን ጅብ ይሰማል፤ ጅብ ከሰማ ደግሞ መጀመሪያ የሚሮጠው ሥጋ ወደ በዛበት፣ ወደ ውርንጭላዋ ነው። በጣም ፈራች። ከማዶ አንዲት ግልገል በቀጭን ድምፅ ጮኸች።

አህያ አናፋች። «የጅብ እግር ነገር ውሸት ነው። አላውቀውም፤ ከቀበሮ ተቀብዬ ነው ያወራሁት። ልጆቻችሁን ድረሱላቸው።»

እናቶቹ ውሃውን እየረጩ ተሻገሩ፤ አህያም አብራ ሮጠች። ጅብ ተነሣና አንድ እግሩን ነከረ። አወጣው፤ ጠበቀ። «እስካሁን ደህና ነው» አለ። ሁለተኛውን ነከረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ማዶ የደረሱት ቀንዳም እናቶች ልጆቹን ከበው ቆመዋል። ቀንዶቹን አየና ተመለሰ።

የበጊቷ ግልገል ግን ከመሐላቸው አልነበረችም። ቀበሮም የለም።

ዓርብ ጠዋት ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። አንበሳው እንደ ወትሮው «እመት አህያ፣ የዛሬዋ ቁም ነገር?» አለ። አስተማሪው ገና አልዳኑም።

«ዛሬ የለኝም» አለች አህያ።

ማንም አልሳቀባትም፤ ማንም አልተቆጣትም። አንበሳው «እሺ» ብሎ ወደ ውሃው ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በጊቷ ብቻ ቆማ ቀረች።

«ይህን ያህል ቀላል ነበር?» አለቻት። «ማክሰኞ ለምን አላልሽውም?»

አህያ ፈቀቅ ብላ በጊቷን ወደ ውሃው አስቀደመቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ «አላውቅም» ለማለት ያፈርን ቀን የእኛን ኀፍረት በልጁ የሚከፍለው ያመነን ጎረቤት መሆኑን ነው።