አውድማ ላይ የተጫረው ዘፈን

ይህን ተረት የነገረችኝ ከአጥሬ ማዶ ያለችው እትዬ የሻረግ ናት። እሷ ደግሞ ከአማቷ ሰማሁት ትላለች፤ አማቷ ከማን እንደሰማች ብጠይቅ "ምን አገባሽ" ተብያለሁ። እትዬ የሻረግ የጎረቤት ክምር ገና ሳይወቃ ስንት ቁና እንደሚወጣው በአጥር ቀዳዳ አይታ የምትናገር ሴት ናት። የአውድማ ነገር ከእሷ ካልተወሰደ ከማን ይወሰዳል? እንግዲህ ተረት አለኝ፤ "አውርጂው" በሉኝ።

ድሮ፣ ከብትም ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ትጓደድ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት በሬዎች ነበሯት። ሽማግሌው ወይኖ፣ መካከለኛው ዳልቻ፣ ትንሹ ቦራ። ወይኖ የኋላ ግራ እግሩን ይጎትታል። ዳልቻ ሆዱን ይወዳል። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ አንድ ነገር ከያዘ ደግሞ ቀንዱ ቢነቀል አይለቅም።

ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ሰው ለበሬ አይዘፍንም፤ የሚዘፍነው በሬ ራሱ ነው። ያለ ዘፈን ደግሞ ማበራየት፣ እህልን በበሬ እግር አስረግጦ መውቃት፣ የሚባል ነገር የለም። ዝም ብሎ አውድማ የሚዞር በሬ ትንሽ እንደሄደ ራሱን ያዞረዋል፤ ራሱን ካዞረው ይቆማል፤ ከቆመ አጎንብሶ ነዶውን መብላት ነው። ዘፈን ግን እግርን ከእግር፣ ትንፋሽን ከትንፋሽ ያያይዛል።

በእመት ትጓደድ ቤት ዘፈኑን ያወጣው ወይኖ ነው። ከሰማይ አልወረደለትም። ገብሱ ከሰኮናው ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማ፤ ያንን ያዘ። ነፋስ በክምሩ ውስጥ ሲያፏጭ ሰማ፤ ያንን ጨመረ። የገዛ እርምጃውን ሰማ፤ ሁሉንም በእሱ ላይ አቆመው። ዓመት ከዓመት ሲያቃናው፣ የማይሆነውን ሲጥል፣ የሚሆነውን ሲያስቀር፣ ሦስት መስመር ዘፈን ሆነ። ወይኖ ያወጣል፤ ሌሎቹ መስመሩ ሲያልቅ "ሆ" ብለው ይቀበላሉ። የቀረው የእግር ሥራ ነው።

አንድ ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ገብሱ ታጭዶ ተከምሮ ሳለ የወይኖ ጉሮሮ አበጠ። መብላት እንኳ አቃተው። በዚያው ሰሞን ያለ ወቅቱ ከተራራው ጀርባ ደመና ተጎለተ። እመት ትጓደድ ደጅ ወጣች፣ ደመናውን አየች፣ ክምሩን አየች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ዝናቡ ሳይመጣ ይህ ክምር ካልተወቃ ዘር የለኝም" አለች። "ዘር ከሌለኝ እርሻ የለኝም። እርሻ ከሌለኝ በሬ ለምኔ ነው? ቅዳሜ ሥጋ ሻጩ ይምጣና ይንዳቸው።"

ዳልቻ የሚያመሰኳውን ሳይውጥ ቀረ። ቦራ ግን ቀጥ ብሎ ወይኖ ወደ ተኛበት ሄደ።

"አያ ወይኖ፣ ዘፈኑን ስጠኝ" አለው።

"ከጎኔ ስትዞር ኖረህ የለም እንዴ? አልሰማኸውም?"

"ሰምቼዋለሁ። አልያዝሁትም። አንተ ስለምትዘፍነው መያዝ ያለብኝ አልመሰለኝም።"

ወይኖ ዐይኑን ጨፈነ። ጉሮሮዬ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ቢያወጣው ነው፣ ሁለተኛ የለም አለ። ይህን ጊዜ ከክምሩ ሥር ተደግፎ የነበረው መንሽ ሦስት ጣቱን ዘርግቶ ተነሣ። መንሽ ነዶ የሚያገላብጥ፣ በራሱ የሚኮራ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ ይበቃል፣ እሱ ይዝፈን እኔ እጭረዋለሁ፣ የተጫረ ነገር አይጠፋም አለ። እመት ትጓደድ አውድማውን በእበት ለቅልቃው ገና እርጥብ ነበር።

ወይኖ እንደተኛ በቀጭን ድምፅ አወጣው። መንሽ በአውድማው ዳር ዳር ዙሪያውን እየሄደ ጫረ። ድምፁ ሲረዝም መስመር ሳበ። ሲወጣ ጣቱን ወደ ላይ መለሰ፤ ሲወርድ ወደ ታች ቆለመመ። በየመስመሩ መካከል ግን የወይኖ ድምፅ ቆረጥ ይልና ዝም ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። እዚያ ቦታ ላይ መንሽ ምን እንደሚያደርግ ግራ ቢገባው በአንድ ጣቱ ጠቅ አድርጎ ቀዳዳ ተወ። ዘፈኑ ሲያልቅ አውድማው እንደ ሙሽራ ቀሚስ በጥልፍ ተከቧል። ዳልቻ ሳይቀር አየው።

ሲነጋ ወይኖ ሞቶ ተገኘ። እመት ትጓደድ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ ነዶውን አውድማው ላይ በተነች። ደመናው ተራራውን አልፎ ነበርና።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ጅራፍ ነው። ካስማው ላይ ተንጠልጥሎ ሁሉን ሲያይ የሚውል፣ ሳይጠራ የማይገባበት ነገር የሌለ። ዘፈን የሰነፍ ምክንያት ነው፣ እኔ ጀርባቸው ላይ ልክ ልኩን እሰጣቸዋለሁ፣ እነሱ በልኩ ይረግጣሉ አለ። ሰጣቸውም። ቦራ ዘለለ፣ ዳልቻ በረገገ፣ ነዶው ከአውድማው ውጭ ተረጨ። ጅራፍ ሲያርፍ እነሱም ቆሙ።

"ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲሉ ሐሜት ይመስለኝ ነበር" አለ ዳልቻ፣ ጎኑን እየላሰ።

ነዶውን መልሰው ሰበሰቡ። ቦራ ወደ ጭረቱ ጎነበሰ። መስመሩ ገባው፤ ሽቅቡም ቁልቁሉም ገባው፤ ቀዳዳው ግን አልገባው አለ። ጅራፍ ተጠየቀ፤ ቀዳዳው የሚገረፍበት ቦታ ነው አለ። ዳልቻ ተጠየቀ፤ ቀዳዳው አጎንብሶ የሚበላበት ቦታ ነው አለ። ሁሉም ጭረቱ ላይ የገዛ ራሱን አነበበ። መጨረሻ ላይ መንሽ ራሱ ተጠየቀ።

"እኔ የሰማሁትን ጫርሁ" አለ መንሽ። "ትርጉሙን ከእኔ አትጠብቅ።"

በሽተኛ ነበር፣ ሳል ይሆናል፣ እንዝለለው አለ ቦራ። ቀዳዳውን ዘለለና ጭረቱን እያየ አወጣ፦

ዙሪያው ገብስ፣ ዙሪያው ገብስ፣
ከእግሬ በታች የዓመት ጉርስ።

ዳልቻ "ሆ" አለ። ቦራ ሁለተኛውን አወጣ፦

እርገጥ፣ እርገጥ፣ ሳትቀመጥ፣
ፍሬው ከገለባው እስኪመለጥ።

ዳልቻ "ሆ" ለማለት ትንፋሽ አጣ። ቦራም ሦስተኛውን ሲያወጣ ጉሮሮው ደረቀ። መተንፈሻ የለውማ። የፊተኛው እግር ከኋለኛው ተጠላለፈ፣ ቀንድ ከቀንድ ተጋጨ፣ ሁለቱም በጉልበታቸው ገብሱ ውስጥ ወደቁ። መንሽ ግን፣ መስመሩን እንደጫርሁት ነው የዘፈናችሁት፣ ጥፋቱ የእግራችሁ ነው አለ።

ቦራ እንደወደቀ ወደ ግራው አየ። አውድማ ሲዞሩ ወይኖ ሁልጊዜ በግራው ነበር። አሁን ትከሻው ያንን ክብደት አስታወሰው። ወይኖ ያቺን የኋላ እግሩን በጎተተ ቁጥር ወደ ቦራ ዘንበል ይላል፤ ትከሻ ትከሻን ይገፋል፤ ድምፁም ለዚያች ያህል ይቋረጣል። ሳል አይደለም። አንካሳ እግሩ ናት። ተኝቶ እንኳ፣ ሳይራመድ፣ ዘፈኑ ውስጥ አነከሰ።

"ተነሥ፣ አያ ዳልቻ" አለ ቦራ። "ቀዳዳው መጠበቂያ ነው። አያ ወይኖ እግሩን ሲጠብቅ እኛ ስንተነፍስ ነበር።"

"ቅዳሜ ስንታረድ ደኅና አርገን እንተነፍሳለን" አለ ዳልቻ። ግን ተነሣ።

አሁን ዘፈኑ ሄደላቸው። መስመሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቦራ ዝም ይላል፤ በዝምታው እግር ከእግር ይገናኛል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ገብሱ መፈልፈል ጀመረ። አንድ ዙር ሄዱ፤ ሌላ ዙር ሄዱ። በሦስተኛው ቦራ ጭረቱን ለማየት አንገቱን ቢያዞር ጭረት የለም። የተረገጠው ገለባ ወደ ዳር እየተገፋ ግማሹን ሸፍኖታል፤ የቀረውን ሰኮናቸው ፍቆታል። ዘፈኑ እንዲሄድ ያደረገው እግር ዘፈኑን አጥፍቶታል።

ፊተኛውን መስመር ያውቀዋል። ሁለተኛውን ያውቀዋል። ሦስተኛው ግን ከአፉ ጠፋ። ፈለገው፣ አጣው። መንሽ ሮጦ መጣና፣ ቁሙ፣ እንደገና ልጫረው አለ።

"ማን ይዘፍንልሃል? ወይኖ ሞቷል" አለው ዳልቻ። "ደግሞስ አያ መንሽ፣ በሬ የሚዘፍነው በሬ በሚረግጥበት ላይ ይጫራል? እራታችንን ለጅብ አደራ ብትሰጥ ይሻል ነበር።"

ደመናው አሁን ከራሳቸው በላይ ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ዳልቻ እርምጃውን አዘገየ፤ አፉ ወደ ነዶው ወረደ። ጅራፍ ከካስማው ላይ ተነሣ።

ቦራ አልቆመም። የጠፋውን መስመር መፈለጉን ተወው። የያዛቸውን ሁለቱን ይዞ ገባ፤ እግሩም አፉም አላረፈም። "ዙሪያው ገብስ፣ ዙሪያው ገብስ" ብሎ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ዝም አላለም። እዚያ ውስጥ ከሆዱ የመጣውን ጣለበት፦

ዳልቻ ሆዴ፣ ና በመንገዴ፣
አንተ ከቆምህ ለቢላ ነው መሄዴ።

ከዚያ ወደ ወይኖ መስመር ተመለሰና "ከእግሬ በታች የዓመት ጉርስ" ብሎ ዘጋው። ዳልቻ ስሙ ሲጠራ ቀና አለ። ስሙ በዘፈን ተጠርቶ አያውቅማ። "ሆ" አለ፤ ሳይጠየቅም አንድ "ሆ" ጨመረ።

መንሽ ግን ይህ አልተጫረም፣ ወይኖ ይህን አላለም፣ ዘፈን አበላሸህ እያለ ዙሪያውን ተከተለው።

"መስመሩ የአያ ወይኖ ነው፣ አልነካሁትም" አለ ቦራ፣ እየረገጠ። "ክፍተቱ የእግሩ ነበር። የእኔ እግር ደኅና ነው። ታዲያ በምን ልሙላው?"

ቦራ በሚቀጥለው ክፍተት ቀና ብሎ ለደመናው ዘፈነ፦

ደመና ሆይ፣ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ፣
የመበለት እህል አይደለም ወይ?

ደመናው ቆየ አልቆየ እትዬ የሻረግም አልነገረችኝ። ጅራፍ ግን እንደ ልማዱ ጀርባው ላይ ሊያርፍ ሲወርድ ቦራ ዞር ብሎ አየው።

"አያ ጅራፍ፣ ጀርባዬን ተወውና ክፍተቱን ምታ" አለው።

ጅራፍ ጭራው አየር ላይ ቀረ። በሕይወቱ ማንም ና ብሎ ጠርቶት አያውቅም። "ዙሪያው ገብስ፣ ዙሪያው ገብስ" ብሎ ቦራ ሲያወጣ ጠበቀ፤ ክፍተቱ ሲመጣ ባዶውን አየር አጮኸው፦ ጧ! ዳልቻ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ምን አለፋችሁ። አንዴ ቦራ ቃል ይጥልበታል፣ አንዴ ዳልቻ "ሆ" ይጥልበታል፣ አንዴ ጅራፍ ይጮኽበታል። መስመሩ ያው ነው፤ ክፍተቱ ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አልመጣም። መንሽም በመጨረሻ ሥራው ነውና ነዶውን ማገላበጥ ጀመረ፤ በዘፈኑ ልክ ነው ያገላበጠው ትላለች እትዬ የሻረግ፣ በአጥር ቀዳዳ ያየች ይመስል።

የነዶው መጨረሻ ሲረገጥ የዝናቡ ነፋስ ደረሰ። እመት ትጓደድ ሮጣ መጣች፣ ነፋሱን ሳታሳልፍ ምርቱን ወደ ላይ በተነች። ገለባው ለዝናቡ ነፋስ ሄደ፣ ፍሬው እግሯ ሥር ወረደ። የመጨረሻውን ስልቻ ጎተራ ስታገባ ጠብታው ጀመረ። በሩን ስትዘጋ "ዙሪያው ገብስ፣ ዙሪያው ገብስ" ትላለች፤ እያለች መሆኗንም አላወቀች።

ቅዳሜ ሥጋ ሻጩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። እመት ትጓደድ ከደጅ ሳታስገባው፣ ሥራ ያላቸው በሬዎች ናቸው ብላ መለሰችው።

መስመሩ የሟች፣ ክፍተቱ የኗሪ ነው። ተረቴን አበራየሁት፤ ገለባው ለነፋስ፣ ፍሬው ለእናንተ። ኋላስ ምን ሆኑ ለምትሉ፦

የወይኖ ቆዳ ተለፋ፣ ለጅራፍ አዲስ ጭራ ሆነ። ጅራፍ ከዚያ ወዲህ የሚጮኸው አየር ላይ ነው። መንሽ አንድ ጣቱ ተሰበረ፤ በሁለቱ ሠራ። ዳልቻ የክረምት እርጥብ ሣር አብዝቶ በልቶ ነፋውና ሞተ። እመት ትጓደድ ዘፈኑን ለልጆቿ አስተማረች፤ በሬ አፉ ከተዘጋ ወዲህ ሰው ነው የሚዘፍንለት። ሦስተኛው መስመር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቦራ አረጀ። ከጎኑ አዲስ ወይፈን ተጠመደ፤ ዘፈኑን ስጠኝ ሲለው ሁለቱን መስመር ሰጠው፣ ክፍተቱን ባዶውን ሰጠው።