መቀመጫ ያጣው ዳኛ

ልጆች፣ ተረት ላምጣ ወይስ ልተወው?

«ያምጡት!»

ሁላችሁም መቀመጫ አግኝታችኋል? አንተ፣ ጠጋ በልላት እንጂ! እንዲያ ነው። ተረት ቆሞ አይሰማም። የዛሬው ደግሞ የሚያናድድ ተረት ነው፤ ስንት ጊዜ አውርቼው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በድሮ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት መንደር፣ ውዲቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ቤቷ ውስጥ ምን ነበር? አንድ መደብ፣ በላዩ አንድ ቁርበት። ሁለት በርጩማ። አንድ ገንቦ። አለቀ። ግድግዳው በነጭ አፈር ተለቅልቆ፣ በዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ አንድ ሌማት ብቻ ተሰቅሎ ነበር። የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሌማቱን የሰፋችው የውዲቱ እናት ናት። አንጓች ስትወለድ ጀመረችው፤ ዓይኗ ሊጠፋ ሲል ጨረሰችው። ዙሪያውን ቀይ ኮከብ አለው። ከኮከቦቹ አንዱ ጠማማ ነው። እሱን ስትሰፋ አንጓች ጭኗ ላይ ተቀምጣ ወስፌውን እየጎተተች አስቸግራት ነበር። አሮጊቷ ልትሞት ስትል «ይህ ከአንጓች ጋር ነው የሚወጣው፤ ያለሱ እንዳትድሪያት» ብላ ተናዘዘች።

በዚያ አገር ድግስ ያለበት ሰው ከጎረቤት ዕቃ ይዋሳል። ያለው አይሰስትም። የተዋሰ ደግሞ ባዶውን አይመልስም፤ እፍኝም ትሁን እህል ጣል አድርጎበት ይመልሳል። ከአባት የመጣ ሕግ ነው።

ይህን ሕግ ግማሹን ብቻ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ ወይዘሮ አትጠገብ። መዋሱን ታውቃለች። መመለሱን እንጃላት!

ጎተራዋ ሙሉ ነው፣ በረቷ ሙሉ ነው፤ ዓይኗ ግን ባዶ። ለተዝካር ጋን ትዋሳለች፤ አትመልስም። ለክርስትና ገንቦ ትዋሳለች፤ አትመልስም። ያየችውን ሁሉ እያመጣች ትሰቅላለች፣ ትደረድራለች፣ ትከምራለች። ግድግዳዋ በስፌት፣ ጣሪያዋ በቀንድ ዋንጫና በበርጩማ ተሞላ። በደጅ የሚያልፍ ሰው «ወይ የጌታ ቤት!» ይላል። እሷም ደረቷን ትነፋለች። ባሏ ምስኪኑ መደቡ ተይዞበት በረት ውስጥ ከጥጃ ጋር ያድራል። ጌትነት ማለት ይህ ነው እንግዲህ!

በጥር ወይዘሮ አትጠገብ ልጇን ስትድር ውዲቱ ቤት መጣች። «ሌማትሽን አውሺኝ፤ በማግስቱ እመልሳለሁ» አለች። ውዲቱ ልቧ ፈራ። ግን ጎረቤትን እንዴት እምቢ ይባላል? አውርዳ ሰጠቻት።

ማግስቱ አለፈ። ጥር አለፈ። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ መጣ። የአንጓች ሰርግ ለዳግማ ትንሣኤ እሑድ ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት ውዲቱ ሄደች። «እሜቴ፣ ሌማቴን ይስጡኝ፤ ልጄን ልድር ነው።»

ወይዘሮ አትጠገብ ከደጃፏ ላይ ሳትንቀሳቀስ «የትኛው ሌማት? ስንት ሌማት አለኝ መሰለሽ! ፈልጌ እሰጥሻለሁ» አለቻት።

ማክሰኞ ሄደች። «እሜቴ፣ ሌማቴን ይስጡኝ።» ወይዘሮ አትጠገብ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና ክዳን የሌለው አሮጌ ሌማት ወረወረችላት። «እንኪ። ሌማት ሌማት ነው።» ውዲቱ ሌማቱን ገልብጣ አየችው። የማን ቤት ሴት ደክማበት ይሆን? መልሳ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

ረቡዕ ሄደች። «እሜቴ፣ ስለ እግዚአብሔር ሌማቴን ይስጡኝ።»

«ምን ሌማት ነው የምታወሪው? ባለ ኮከቡ የእናቴ ነው! ደግሞ አንቺ ሌማት ምን ያደርግልሻል? ግድግዳሽ እንደ መላጣ ራስ! ማንም ቤትሽ ገብቶ የሚያየው የለ!»

ውዲቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ስትላት የኖረችውን ሴት «አንቺ ሌባ!» አለቻት። «የሞተች እናቴን ሥራ የእናቴ ነው ትያለሽ? አታፍሪም?» ወይዘሮ አትጠገብ በሩን ልትዘጋ ሞከረች፤ አልዘጋ አለ። ከበሩ ጀርባ ገንቦ ተደርድሯል። ውዲቱ ያን አየች። ሦስት ቀን ሙሉ «ግቢ» እንኳ ያልተባለችበት ምክንያት ገባት። የሚገባበት ቦታ የለማ!

በመንገድ ላይ ጎረቤቷ አያ ደምለው አገኟት። ነገሯን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይው ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። ከባለጸጋ ጋር ክርክር አያዋጣም።»

«ዝም ስል ልጄ በሰው ሌማት ትዳር? አይደረግም!» አለችና በቀጥታ ወደ ዳኛው ሄደች።

ዳኛው ከዋርካው ሥር ነበሩ። ወይዘሮ አትጠገብንም አስጠሩ።

«ስታውሺያት ያየ ምስክር አለሽ?» አሉ ውዲቱን።

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«እኔ እምላለሁ!» አለች ወይዘሮ አትጠገብ ቶሎ ብላ። አፈ ቅቤ! ቢጠይቋት በሰማይም በምድርም ትምላለች።

«ትማል» አለች ውዲቱ። «ግን ከቤቷ፣ ሌማቱን ከፊቷ አስቀምጣ ትማል። ጌታዬም ከቤቷ ገብተው፣ ተቀምጠው ይስሙልኝ።»

ወይዘሮ አትጠገብ ደስ አላት። ዳኛ ቤቴን ሊያይልኝ ነው ብላ! ውዲቱ ግን በየደጁ እየዞረች «ነገ ወይዘሮ አትጠገብ ልትምል ነው፤ ኑና ስሙ» ስትል ዋለች።

ሐሙስ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆመ። በዚያ አገር ዳኛ ቆሞ አይፈርድም። ዳኛው እንደ ምንም ተሹለክልከው ገቡና መደቡ ላይ ሊቀመጡ አሉ። መደቡ እስከ ጣሪያ ስፌት ተከምሮበታል። በርጩማ ፈለጉ። በርጩማዎቹ ጣሪያ ላይ ተሰቅለዋል። እንግዲያው መሬት ልቀመጥ አሉ። መሬቱ ጋን በጋን ነው።

«ሴትዮ፣ ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

ወይዘሮ አትጠገብ ዞር ዞር አለች።

«አውጡት!» አሉ ዳኛው። «መቀመጫ እስክናገኝ ድረስ ዕቃውን ወደ ደጅ አውጡት!»

መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጋን ወጣ። «ዝም አይነቅዝም» ያሉት አያ ደምለው ዘለው ቀረቡ። «ጋኔ! የአባቴ ጋን! ለተዝካር ብላ ወስዳ ተሰበረ አለችኝ! ይህች ቀጣፊ!» ሁለተኛ ቀንድ ዋንጫ ወጣ። «የኔ ነው!» አለ አንዱ። ሦስተኛ ገንቦ ወጣ። «የኔ ነው!» አለች አንዷ። ከዚያማ ተዉት። የኔ ነው፣ የኔ ነው፣ የኔ ነው! ሁሉም የተወሰደበት እሱ ብቻ እየመሰለው፣ ባለጸጋ መጠየቅ አፍሮ፣ ለየብቻው ተቃጥሎ ኖሯል።

መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ሥር፣ የውዲቱ ሌማት ተገኘ። ግማሽ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ አይጥ በልቶት ጎኑ ተቀዷል። ውዲቱ ጮኸች። «ላትሰቅዪው፣ ላታቀርቢበት፣ ለአይጥ ነው የወሰድሽብኝ?»

ዳኛው ሌማቱን አነሡ። «ማን ሰፋው?»

«ከገበያ... ገዝቼው ነው» አለች ወይዘሮ አትጠገብ ተደናብራ። ትላንት የእናቴ ነው ያለችውን ረስታዋለች።

«እናቴ ናት» አለች ውዲቱ። «ጠማማ ኮከብ አለው፤ ልጄ እጇን ስባት ነው።» ዳኛው ኮከቦቹን ቆጠሩ። ጠማማው ኮከብ ተገኘ።

ያን ጊዜ ዳኛው ከወጣው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ፈረዱ። «ማን እንደሠራው የምታውቂው ዕቃ ካለ ላንቺ ይቅር። ሌላው ለባለቤቱ ይመለስ። በአገራችንም የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሙዪው!»

«እፍኝ እፍኝ?» አለች።

«እፍኝማ በማግስቱ ለሚመልስ ነው። አንቺ አፍ ለአፍ ሙዪው። ጋኑንም!»

ጋን ተሞላ፣ ገንቦ ተሞላ፣ ዋንጫ ሳይቀር ተሞላ። ጎተራዋ ተጠረገ። በቤቷ የቀረው እናቷ ያወረሰቻት አንድ መከዳ ብቻ ሆነ። የዚያን ቀን ባሏ ከበረት መጥቶ መደቡ ላይ ተዘረጋ።

«የአንቺን በምን ትሙላልሽ?» አሉ ዳኛው ውዲቱን።

«እህሏን አልፈልግም። የቀደደችውን ትስፋ! እስከ እሑድ ቤቴ ተቀምጣ የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ ትሰንጥቅልኝ።»

እኔ ብሆን ደጄንም አላስረግጣት ነበር! ውዲቱ ግን አስገባቻት። ወይዘሮ አትጠገብ ጎንበስ ብላ ገባች። ነጩን ግድግዳ አየች፣ ባዶውን ችንካር አየች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ እግሯንም ዘረጋች። «እዚህ ቤት መቀመጫ አለ» አለች።

«ድሮም ነበር» አለች ውዲቱ። «ስንጠቂ!»

እሑድ አንጓች ሌማቱን ይዛ ወጣች። የተጠገነበት ቦታ በአዲስ አክርማ ይለያል። ሙሽራው ቤት ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቀለ፤ እንግዳ በገባ ቁጥር አንጓች ጠማማውን ኮከብና ጥጋኙን እያሳየች ታወራለታለች።

ለዚህ ነው አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት።

እንግዲህ ተረቴን አውሻችኋለሁ። መልሱ ደግሞ። ባዶውን እንዳትመልሱት!