ማር የጠባች ልጅ

ስለ ልጅ ጠባይ ጨዋታ ሲነሣ፣ በእኛ በኩል ሰው አንድ አባባል ጣል አድርጎ ያልፋል። እኔ ስሰማው ግን ቢጫ የመጭ አበባ መስክና ከሸለቆ ቀስ ብሎ የሚወጣ ጉም ይታየኛል። ከአባባሉ ጀርባ ያለውን ነገር ያጫወተኝ ሰው እንደዚያ አድርጎ ነበር የሳለልኝ። አሁን እሱ የለም፤ ታሪኩ ግን ይኸው።

እመት ጥሩአየሁ የሚባሉ ንብ አርቢ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው። ልጃቸው ይታይሽ ከሆዳቸው አልወጣችም። ወላጅ እናቷ አራስ ቤት ስትሞት፣ አባቷ ደምሌ ሕፃኗን አምጥቶ ለባልና ሚስቱ ሰጠ። ባልየው በአገሩ ወግ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንድትጠባው ሰጧትና «ልጄ ነሽ» አሏት። ደምሌም ዘምቶ በዚያው ጠፋ። ባልየው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። እመት ጥሩአየሁ ስለ እሳቸው አያወሩም ነበር፤ ባላቸው መጨረሻ የሰቀሉትን ቀፎ ብቻ ከቦታው ሳያነቃንቁ ኖሩ።

ይታይሽ ቁጡ ነበረች። ስትናደድ ግንባሯ መካከል አንድ የደም ሥር ይገተራል፤ አገሩ ሁሉ የደምሌ ሥር ይለዋል። እናቷ አይገርፏትም። ከቀፎዎቹ ፊት ወስደው ያቆሟትና፣ «ሦስት ጊዜ ተንፍሺ። ንቧ ቁጣሽን ከአንቺ ቀድማ ታውቃለች» ይሏታል። ልጅቷ እዚያ ቆማ እየተነፈሰች አደገች።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ደምሌ ተመለሰ።

«ደሜ ነች፤ እወስዳታለሁ» አለ ሽማግሌዎች ፊት።

«ማር የጠባ ልጅ አይመለስም» አሉ እመት ጥሩአየሁ።

«ማር ምን ያደርጋል? ግንባሯን እዩት እንጂ።»

ሽማግሌዎቹ ግንባሯን አዩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አያ ጓንጉል፣ «ትንሽ ቀን ስጡን፤ ልጅቷን እንያት» ብለው አሰናበቱ።

እናትና ልጅ ቤት ሲገቡ፣ «መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አሉ እናት።

«አንቺ ሂጂ ካልሽኝ።»

«እኔ አልልም።»

«እንግዲያስ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

እመት ጥሩአየሁ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። የቀፎዎቹን አፍ አንድ በአንድ ያዩ ጀመር።

ማሩ መድረሱ በሚታይበት ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጥተው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ። ጉሙ እዚህ እስከ ጉልበት፣ ወደ ወንዙ ሲወረድ ግን ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ዛፎቹ የቆሙ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ይመስላሉ፤ የንቦቹም ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ዜማ ነበር። ይታይሽ በአንድ እጇ ቢላዋ፣ በሌላው የሚጨስ ኩበት ይዛ በዚያ ጉም ውስጥ ትሄዳለች።

ደምሌ መጠበቅ አልሆነለትም። በላብ የተጠመቀች በቅሎውን ጋልቦ መጣና ወርዶ ከቀፎዎቹ መሀል ገባ።

«ይበቃል። መንገዳችን ሩቅ ነው፤ ተነሽ።»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አለችው።

«ለዝንብ ልሽቆጠቆጥ?» ብሎ ሣቀና በዱላው ቅርቡን ቀፎ መታው። ባልየው መጨረሻ የሰቀሉት ነበር። ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ንቦቹ ወጡ። የይታይሽ ሥር ተገተረ፤ ቢላዋውን የያዘ እጇ ከፍ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አለቀ፤ ደም ደም ነው» አለ።

እሷ ግን ቆመች። አንዴ ተነፈሰች። ሁለቴ። በሦስተኛው ቢላዋውን ጣለችና ነጠላዋን አውልቃ ደምሌን አለበሰችው፤ ጭሱንም አስጠጋችለት።

«አይሩጡ። አይወራጩ። በእኔ እርምጃ ይሂዱ።»

አንገቷን፣ ክንዷን ሲነድፏት እርምጃዋን አላፈጠነችም። ሁለቱ በጉሙ ውስጥ ጠፉ፤ እንደ ሕልም ቆይተው ከወንዙ ዳር ብቅ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ሥሯ ገና አልተኛም ነበር።

«ያ ቀፎ የአባቴ ነው» ትለዋለች። «ሁለተኛ ቢነኩት ንብ እስኪነድፍዎ አልጠብቅም፤ እኔው እበቃዎታለሁ።»

ደምሌ ባበጠ ዓይኑ ትክ ብሎ አያት። «ቁጣውስ የእኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ብሆን ግን እዚያ አልቆምም ነበር። እኔ ቆሜ አላውቅም። ያንን ከማን አመጣችው?»

 ወዲያ ከላይ፣ ጉሙ ገለጥ ባለበት፣ እመት ጥሩአየሁ ከተሰነጠቀው ቀፎ አጠገብ ተንበርክከው፣ ንቦቹን በባዶ እጃቸው እፍኝ በእፍኝ ወደ አዲስ ቀፎ ይመልሱ ነበር። ደምሌ ወደዚያ ሲያይ ቆየና ነጠላውን ከራሱ አውርዶ ለልጅቷ መለሰላት፤ ከዚያም ብቻውን ወደ በቅሎው ሄደ።

አያ ጓንጉል በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ጉሙ እሱን እስኪውጠው ጠበቁና እንዲህ አሉ፦ «ንብ መንደፊያዋን ከዘሯ፣ ትዕግሥቷን ከጠባቂዋ።»